ላልሠለጠንኩበት ቀን አልፈርምም፦ ለሥልጠናው አዘጋጅ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። የእርስዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም አልጽፍም። ደብዳቤው ለማን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል፣ እዚያ አዳራሽ የነበርነው 42 ሰዎችም እናውቀዋለን። የመጀመሪያውን አቤቱታ ያስገባሁት ግንቦት ላይ ነው፣ ማህተም ተመቶበት፣ ቁጥር ወጥቶለት። ሁለተኛውን ሰኔ ላይ። ከዚያ በአካል አራት ጊዜ መጣሁ። አንዴ ስብሰባ ላይ ነዎት፣ አንዴ መስክ ወጥተዋል፣ አንዴ ደግሞ "አሁን ወጡ እኮ፣ በር ላይ አልተገናኛችሁም?" ተባልኩ። በአራተኛው ቀን ዶፍ እየዘነበ ስለነበር የጥበቃው አባት አዘኑልኝና በረንዳ ላይ ወንበር ሰጡኝ። ከመሥሪያ ቤትዎ እስከዛሬ ያገኘሁት አገልግሎት ያ ወንበር ነው።

ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ጻፍኩት። አይቀየሙኝ። ቢቀየሙም ምን አደርጋለሁ።

ነገሩ የአንድ ፊርማ ነገር ነው። ግን ከሥሩ ልጀምር።

ሚያዝያ ላይ ማስታወቂያ ለጠፋችሁ። የሲቪል ስሪዲ (የመንገድና የመሬት ዲዛይን ሶፍትዌር) ሥልጠና፣ የመንገድ ዲዛይንና የመሬት ገጽታ ሞዴል፣ አምስት ቀን፣ ለሥራ ፈላጊ ምሩቃንና ለወረዳ ባለሙያዎች። ደስ ነበር ያለኝ፣ አልደብቅም። በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ቀን ቀን በየኮንትራክተሩ ፕሪዝም፣ የቅየሳ መሣሪያው የሚያነጣጥርበትን መስታወት፣ ይዤ ስቆም፣ ማታ ማታ ሶፍትዌሩን ብቻዬን ስጎረጉር ነው የኖርኩት። ብቻን መማር ቀዳዳው ብዙ ነው፣ የሚያርም የለም። ኮሪደሩን፣ ማለትም የመንገዱን ሞዴል፣ ሠርተው ሲያበቁ ኩርባው ላይ ለምን እንደተጣመመ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ቀን ባነር ነበር። ንግግር ነበር። "ዲጂታል" የሚለውን ቃል መቁጠር ጀምሬ አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ደክሞኝ ተውኩት። ከዚያ ሻይ፣ ከሻይ በኋላ ፎቶ። ኮምፒውተሮቹ የተከፈቱት ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፣ መብራት የሄደው 5 ከ40። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም ተባለ። መብራት መጥፋት ማንም ላይ ይደርሳል፣ በዚህ አልከስም። ግን ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። እዚህ ጅማ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በአዌቱ ወንዝ ወርዶ፣ የቦዬን ረግረግ አልፎ ጊልገል ግቤ ወንዝ ይገባል። እዚያ 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ጣቢያ አለ፣ ከእኛ ቢርቅ 70 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ውሃውን ሸኝተን ለጄኔሬተር ነዳጅ አጣን።

አሠልጣኙን አልወቅስም። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር መንገድ ተጉዞ የመጣ። ከመምጣቱ በፊት የጅማ የሰርቬይ ዳታ፣ የመሬት ልኬት፣ ላኩልኝ ብሏችሁ ነበር፣ እሱ ራሱ ነው የነገረን። አልላካችሁለትም። የሰርቬይ ዳታ እኮ እናንተ ጋ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣውን የመለማመጃ ፋይል ከፈተ። የማን አገር ኮረብታ እንደሆነ አናውቅም፣ ከፍታው የተጻፈው በጫማ ነው። ከወረዳ የመጡ አንድ ትልቅ ሰው እጃቸውን አውጥተው ኮንቱሩን፣ እኩል ከፍታን የሚያሳየውን መስመር፣ እያሳዩ "ይሄ ኮንቱር ስንት ሜትር ማለት ነው?" አሉ። "በ0.3048 ያባዙት" አላቸው። ሰውዬው ደብተራቸውን ዘጉ።

ኮምፒውተሩ ደግሞ ለአራት ሰው አንድ። የአንዱ ሶፍትዌር በፈረንጆቹ የ2016፣ የሌላው የ2018፣ የሌላው የ2021። በ2018 ያስቀመጡትን ፋይል የ2016ቱ አይከፍተውም፣ መሃል ላይ የፋይሉ ፎርማት ተቀይሯል። ይህን ለማወቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብን። አብዛኛው ክራክ፣ ያለ ፈቃድ የተጫነ፣ እንደሆነ ላንሳው ወይስ ልተወው? ልተወው።

ሁለተኛው ቀን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ግሩም ነበር። እሱም የእናንተ ሥራ ስላልሆነ ይመስለኛል። ፍላሽ ላይ የራሴ ዳታ ነበረኝ፣ ወደ አዌቱ የሚወርድ አንድ የሠፈር መንገድ፣ 600 ምናምን ነጥብ፣ በገዛ እግሬ ጭቃ ረግጬ የለካሁት። "ይሄን እንጠቀም?" አልኩት። የልጁ ፊት በራ። ነጥቦቹን ሲያስገባ ሆን ብሎ ይሁን ተሳስቶ እንጃ፣ ኖርዚንጉንና ኢስቲንጉን፣ የሰሜንና የምሥራቅ መገኛ ቁጥሮቹን፣ አቀያየራቸው። የጅማ ኢስቲንግ 260 ሺህ ገደማ ነው፣ ኖርዚንጉ 848 ሺህ ገደማ። ሲቀያየሩ ከተማችን ተነስታ ሶማሊያ ገባች፣ ጁባ ወንዝ አጠገብ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሥልጠናው የተጀመረው ያኔ ነው።

ከዚያ ብሬክላይን አሳየን። ይሄን እርስዎም ቢሰሙት ደስ ይለኛል፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሶፍትዌሩ መሬቱን አያየውም፣ የሚያየው ነጥብ ብቻ ነው። በአቅራቢያው ያሉትን ነጥቦች ሦስት ሦስት እያደረገ በመስመር ያያይዝና የሦስት ማዕዘን መረብ ይሠራል፣ ያንን መረብ ነው ሰርፌስ የምንለው። አሁን ከመንገዱ ዳር ቦይ አለ እንበል። የቦይውን ሁለት ከንፈርና ወለሉን ለክተሃል፣ ግን ይሄ መስመር የቦይ ጠርዝ ነው ብለህ አልነገርከውም። ብሬክላይን የሚባለው ያ መስመር ነው። ሦስት ማዕዘኑ ከወዲያኛው ከንፈር ወደዚህኛው ዘሎ ይያያዛል። ቦይው ስክሪን ላይ በየቦታው ይደፈናል። ውሃው በስሌቱ መንገዱ ላይ ይሄዳል ወይም ጭራሽ ይጠፋል፣ የአፈር ቆረጣና ሙሌቱ ሂሳብም አብሮ ይበላሻል። ስክሪኑ ላይ ግን ኮንቱሩ ያምራል፣ ቀለሙ ያምራል፣ ፕሪንት ሲደረግ ማንም አይጠራጠርም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ብሬክላይን እሠራ ነበር! ያን ቀን ነው የገባኝ። ማታ ቤት ገብቼ የድሮ ፋይሎቼን ሁሉ ከፍቼ አየሁ፣ አፈርኩ።

አንድ ከሰዓት ነው ይህ ሁሉ። አምስቱም ቀን እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎ የምስጋና ደብዳቤ ነበር።

ሦስተኛው ቀን እስከ ምሳ ሠራን። ከምሳ ስንመለስ አዳራሹ ለስብሰባ ይፈለጋል ተባለ። ነገስ? ነገም። ከነገ ወዲያስ? "እናሳውቃችኋለን።" አሠልጣኙ ግራ ገብቶት ገመዱን ይጠቀልላል። ይሄኔ አስተባባሪዎ የፊርማ ወረቀት ይዘው መጡ። አምስት ዓምድ አለው፣ ከቀን አንድ እስከ ቀን አምስት። "አምስቱንም ፈርሙ፣ አበሉ እንዲወጣ።"

ሰው ሁሉ ፈረመ። ማንንም አልወቅስም። ከሊሙ፣ ከዴዶ፣ ከሰቃ የመጡ ሰዎች አልጋ ይዘዋል፣ ለምሳ ተበድረዋል፣ ያ አበል ትራንስፖርታቸው ነው። ወረቀቱ እኔ ጋ ሲደርስ ሦስቱን ቀን ፈረምኩ፣ አራትና አምስትን በመስመር ሰረዝኩ።

አስተባባሪው መጀመሪያ ሳቁ። "እህቴ፣ ሰው አታቁሚ።" ያልተሰጠ ሥልጠና ላይ አልፈርምም አልኳቸው። ድምፃቸው ተቀየረ። "እንግዲያው አበልም የለሽ፣ ሰርተፍኬትም የለሽ።" አበሉ ይቅር፣ የሦስት ቀን ሰርተፍኬት ስጡኝ አልኩ። "የሦስት ቀን የሚባል ሰርተፍኬት የለንም።" ልክ ናቸው፣ አልነበራቸውም። ለካ ሰርተፍኬቱ ተዘጋጅቶ ያለቀው ገና ባነሩ ሲታተም ነው። ጓደኞቼ አሳይተውኛል፣ "የ40 ሰዓት ሥልጠና ስላጠናቀቁ" ይላል፣ የእርስዎ ፊርማ አለበት። እኔ ኮምፒውተር በርቶ የቆየበትን ሰዓት ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት። ለአራት ሲካፈል ማውሱ እጄ ላይ የቆየው ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው።

ያልተሟላ ሥልጠና ተሟላ ብሎ ማስረጃ መስጠት ምን እንደሚባል ለእርስዎ አልነግርም። ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ በስብሰባም ሲያስረዱ ሰምቼዎታለሁ። እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ይሄ የስፌት ሥልጠና አይደለም፣ ስፌትንም መናቄ አይደለም። የዲዛይን ሥልጠና ነው። የእኛ ሥራ መጨረሻው ስዕል ላይ መፈረም ነው። አየሁት፣ ለካሁት፣ ውሃው በዚህ ይወርዳል ብሎ መፈረም። ታዲያ 42 ባለሙያ ሰብስባችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ ያስተማራችሁት ያላዩት ነገር ላይ መፈረምን ሆነ። እሱን ትምህርት ብቻ ነው ሳይቋረጥ የጨረሳችሁት።

ይህንንም ቢሆን እውጠው ነበር። ስንቱን ውጠናል። ግን ሐምሌ ላይ የራሳችሁ ሰሌዳ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ወጣ። የመንገድና የውሃ መውረጃ ዲዛይን ባለሙያ፣ በኮንትራት። መስፈርቱ ላይ "የሲቪል ስሪዲ ሥልጠና የወሰደበት/የወሰደችበት ማስረጃ ማቅረብ የሚችል/የምትችል" ይላል። የሠራኋቸውን ስዕሎች በወረቀትም በፍላሽም ይዤ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ደግ ናት፣ አገላብጣ አየቻቸው፣ "ቆንጆ ናቸው" አለችኝ። ከዚያ "ሰርተፍኬቱስ?" አለች። የለኝም። "እህቴ፣ እኛ የምናየው እሱን ብቻ ነው" ብላ ወረቀቴን አስተካክላ መለሰችልኝ።

ሥራውን ያገኘው ልጅ ከእኛው ጋር የሠለጠነ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ጥፋተኛ አላደርገውም። በተቀጠረ በሦስተኛው ሳምንት ማታ ደወለልኝ። "ሰርፌስ ከየት ነበር የሚጀመረው?" አጂፕ አካባቢ አንድ ካፌ ተገናኘን። የቦይ ሥራ ሰጥተውታል። የሰርቬይ ቡድን ይመደብልኝ ሲል "ምን ያደርግልሃል፣ ከሳተላይት ይወርድ የለ እንዴ" አሉት አሉ። ይወርዳል፣ በነጻ ይወርዳል። መንኮራኩር በየካቲት 2000 በፈረንጆቹ፣ በ11 ቀን የለካችው የአብዛኛው የዓለም የብስ ከፍታ ነው። ግን አንዱ ነጥብ ከሌላው 30 ሜትር ይርቃል። የእሱ ቦይ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚያ ዳታ ላይ ቦይው የለም፣ መንገዱም የለም፣ ያለው ጣሪያና ዛፍ የተቀላቀለበት እብጠት ነው። ለሩቅ ጥናት፣ ተፋሰስ ለማየት፣ ጥሩ ነው። የሰው በር ላይ ውሃ ለማሳለፍ አይሆንም።

አንድ ሌላም አለ። የድሮው ካርታ አዲንዳን በሚባለው ዳተም፣ ማለትም የቦታ መለኪያ መነሻ፣ ነው የተሠራው፣ የስልኩ ጂፒኤስ በሌላ። ሁለቱን ሳያስማማ ቢያጋባቸው ቦይው ከ200 ሜትር በላይ ርቆ ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ይገኛል። ይህ በሦስተኛው ከሰዓት ሊሰጥ ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈ ርዕስ ነበር። ያን ከሰዓት ማን አዳራሹ ውስጥ እንደነበረ እርስዎ ያውቃሉ።

እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሶፍት ላይ ሦስት ማዕዘን እየሣልኩ አስረዳሁት። ማክያቶውን እሱ ከፈለ። ከዚህ ሥልጠና ያገኘሁት አበል እሱ ነው። ከእሱ በኋላ ሌሎች ሁለት ባለ ሰርተፍኬቶች ደውለዋል፣ አንደኛዋን ቅዳሜ ቅዳሜ እቤቴ አስጠናታለሁ። ቡና እናፈላለን፣ መብራት ሲሄድ በላፕቶፕ ባትሪ እንቀጥላለን። እንዲያው ሳስበው፣ አራተኛና አምስተኛውን ቀን እየሰጠሁ ያለሁት እኔ ነኝ።

ምክትልዎ በስልክ ያሉኝንም ልጻፈው። "ምን ነበረበት ብትፈርሚ፣ ከሁሉ አንቺ ብቻ ትክክል ሆንሽ?" አላልኩም እኮ። ሁለት ዓመት ቦይ ስደፍን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ልክ ነኝ የምልበት አፍ የለኝም። ያልኩት ረቡዕና ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሌሎች ሰዎች ናቸው ነው።

ሰርተፍኬቱን አሁን ቢሰጡኝም አልወስደውም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለዚያ ሥራ ፈተና ያውጡ። የጅማን እውነተኛ ዳታ፣ አንድ ሺህ ነጥብ፣ ሁለት ሰዓት፣ ሰርፌስ፣ ፕሮፋይል (የመንገዱ የቁመት ቅርጽ) እና የቦይ ስዕል። ሰርተፍኬት ያለውም የሌለውም ይቀመጥ። ዳታው ከሌላችሁ እኔ አመጣለሁ፣ ለክቼዋለሁ። ላፕቶፔንም ቻርጅ አድርጌ እመጣለሁ፣ ለጄኔሬተሩ አይቸገሩ። ብወድቅ ወደ ፕሪዝሜ እመለሳለሁ፣ ደብዳቤም አልጽፍም።

አቤቱታዎቼ መዝገብ ቤት ናቸው፣ ሁለቱም ቁጥር አላቸው። ይሄኛው ቁጥር የለውም።

ሦስት ቀን ብቻ የፈረመችው ሠልጣኝ
ጅማ

ግልባጭ፦
በረንዳ ላይ ወንበር ለሰጡኝ የጥበቃ አባት፣ ከምስጋና ጋር