በተገልጋዮች ውይይት ላይ የሰጠነው የግል መረጃ ያለ ፈቃዳችን ስለመሰራጨቱ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጤና ጣቢያው ኃላፊ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. በተካሄደው የተገልጋዮች ውይይት የተያዘው የስም ዝርዝር ለማይመለከታቸው ሰዎች መድረሱን ይመለከታል።

እኔ የዚሁ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለስድስት ወራት በጤና ጣቢያችሁ የቲቢ ሕክምና ተከታትዬ ባለፈው ጥር ወር ጨርሻለሁ። ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት በሕክምናው በኩል ቅር ያሰኘኝ ነገር እንደሌለ መግለጽ ይገባኛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራቱን ዓይነት መድኃኒት ስወስድ፣ በየማለዳው በእጄ ሰጥታ እስክውጠው ድረስ አጠገቤ የምትቆመው ነርስ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም፤ በቀሩት አራት ወራትም ቀጠሮዬ ሲዛነፍ ደውላ የምታስታውሰኝ እሷ ነበረች። ዛሬ ድኜ የምንቀሳቀሰው በእሷ ትጋት ጭምር ነው። በውይይቱ ላይ እንድገኝ በጠየቀችኝ ጊዜ ሳላመነታ እሺ ያልኩትም ስለዚሁ ነው። «እናቴ፣ ስምሽ የትም አይወጣም፤ የሚፈለገው ሐሳብሽ ብቻ ነው» ብላኝ ነበር። ይህን ያለችኝ ከልቧ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ቃሏን ያፈረሰው የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ነው።

በዕለቱ ሃያ የምንሆን ሰዎች በአዳራሹ ተቀምጠን ሳለ አንድ ቅጽ ከወንበር ወደ ወንበር ይዞር ጀመር። ቅጹ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ስልክ ቁጥር፣ የካርድ ቁጥር፣ አገልግሎት ያገኙበት ክፍል እና ፊርማ የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። እኔ ዘንድ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዎች ሞልተውታል። የምጽፍበትን መስመር ስፈልግ ዓይኔ በማውቀው ሰው ስም ላይ ዐረፈ፤ ወዲያው ከጎኑ የተጻፈውን የሕክምና ክፍል አነበብኩ። የክፍሉን ስም በዚህ ደብዳቤ ላይ አልጽፈውም፤ ሰው ከገዛ ወንድሙ እንኳ ሊሰውረው የሚፈልገው ዓይነት ሕክምና ነው ብል ይበቃል። ሰውየው ከእኔ ሦስት ወንበር ፈንጠር ብሎ ተቀምጦ ነበር። ማንበቤን አይቷል። እኔም የያዝኩትን እስክሪብቶ መልሼ ለማስቀመጥ አፍሬ፣ «ቲቢ ክትትል» የሚለውን ቃል ከስልክ ቁጥሬ አጠገብ ጽፌና ፈርሜ ቅጹን ወደሚቀጥለው ሰው አሳለፍኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን አጥሯል፤ ቀና ብዬ ለማየትም እየከበደኝ ነው። የሰው ምስጢር ለማወቅ ብዬ ወደ ጤና ጣቢያችሁ አልመጣሁም። ሳልፈልግ እንድሸከመው ያደረገኝ ቅጹ ስለሆነ፣ ይህን ቅሬታ የማቀርበው ስለ ራሴ ብቻ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ነገሩ በአዳራሹ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት በቃል ብቻ አሳስቤ አልፈው ነበር። ሆኖም ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ጎረቤቴ በእጅ ስልኳ ላይ የአንድ ወረቀት ፎቶ አሳየችኝ። ያው ቅጽ ነው። የእጅ ጽሑፌን በሩቁ ለየሁት። ፎቶው ውይይቱ መካሄዱን ለማሳየት ተብሎ የጤና ባለሙያዎች፣ የቀበሌ ሠራተኞችና የሰፈር በጎ ፈቃደኞች በጋራ ወደሚገኙበት የቴሌግራም ግሩፕ መለቀቁን፣ ከዚያም ከስልክ ወደ ስልክ መዞሩን የነገረችኝ እሷው ናት። ያሳየችኝ በክፋት አይደለም፤ «ይህንን ታውቂው ይሆን ብዬ ነው» አለችኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ የተለቀቀን ፎቶ ማን መልሶ ይሰበስበዋል?

በሰፈራችን ያለው ነገር ወዲያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። ቡና ስንጠጣ የእኔ ስኒ ከረከቦቱ ዳር ለብቻው መቀመጥ ጀመረ። በመጀመሪያ ልብ አላልኩትም ነበር፤ ሌሎቹ ስኒዎች ለሁለተኛው ታጥበው እየተቀያየሩ ሲቀዳባቸው የእኔ ግን ሳይነሳ እዚያው እንዲቆይ ሲደረግ ሦስት ጊዜ ካየሁ በኋላ ገባኝ። ሕክምናው በአግባቡ ከተጀመረ ጥቂት ሳምንታት በኋላ በሽታው ወደ ሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉ እጅግ እንደሚቀንስ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ እኔ ደግሞ ስድስቱንም ወር ጨርሻለሁ፤ ቲቢ በስኒ እንደማይተላለፍም አውቃለሁ። ይህን ግን ለእያንዳንዱ ጎረቤት እየዞርኩ ላስረዳ አልችልም። ብችልም እንኳ መናገር አለመናገሩ የእኔ ምርጫ መሆን ነበረበት።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። በውይይቱ ላይ አስተያየት ስጡ ስንባል፣ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ከምሳ በፊት ቀድሞ እየተዘጋ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ስለሚከፈት፣ ከደምቢያ በኩል የሚመጡ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሳይዙ መኪና እንደሚያመልጣቸው ተናግሬ ነበር። የተናገርኩት ያየሁትን ነው፤ የማንንም ስም አልጠራሁም። በቃለ ጉባኤው ላይ ግን ሐሳቡ ከነስሜ ተመዝግቦ ኖሯል። በየካቲት ወር ለልጄ መድኃኒት ላወጣ ወደዚያው መስኮት በሄድኩ ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው ባለሙያ የካርዱን ስም አንብቦ «የከሰስሽን አንቺ ነሽ?» ሲል ተሰልፎ በቆመው ሰው ፊት ጠየቀኝ። መድኃኒቱን ሰጥቶኛል፤ አልበደለኝም። ዳሩ ግን ከኋላዬ የቆሙት ያን ከሰሙ በኋላ በሚቀጥለው ውይይት ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ ብዬ አላስብም።

የካቲት 24 ቀን ወደ ቢሮ መጥቼ በቃል ሳመለክት ያገኘሁት መልስ «ያንቺ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ስም ነው ያለው፤ ያለ ማስረጃ ደግሞ ሪፖርቱን አይቀበሉንም» የሚል ነበር። የሁሉም ስም መውጣቱ ጥፋቱን ያበዛዋል እንጂ አያቃልለውም። ማስረጃን በተመለከተ ግን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ እንድናገር ይፈቀድልኝ፤ እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ለ26 ዓመታት ያገለገልኩ ሠራተኛ ነኝና ወረቀት ለምን እንደሚያዝና ለማን እንደሚሰጥ የማላውቀው ነገር አይደለም።

እንደተረዳሁት ያ አንድ ቅጽ ሦስት ሥራ እንዲሠራ ተደርጓል። አንደኛ ለተሳታፊዎች የትራንስፖርት አበል ስለተከፈለ ሒሳብ ክፍል ስምና ፊርማ ይፈልጋል፤ ይህ ትክክል ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ያለ ፊርማ አይወጣም። ሁለተኛ ውይይቱን ያዘጋጀው ክፍል ከየአገልግሎቱ የተውጣጡ ሰዎች መገኘታቸውን ማሳየት አለበት፤ ይህም ተገቢ ነው። ሦስተኛ የተሰጠው አስተያየት ይመዘገባል። ችግሩ የተፈጠረው ሦስቱ በአንድ ገጽ ላይ በመጋጨታቸው ነው። ሒሳብ ክፍሉ ገንዘብ ለመክፈል የትኛውን በሽታ እንደታከምኩ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሪፖርቱን የሚቀበለው አካል ደግሞ «ከቲቢ ክትትል አራት ሰዎች ተገኝተዋል» የሚል ቁጥር ይበቃዋል፤ አስተያየቱን የሚያነበው ኃላፊ የመድኃኒት ቤቱን መስኮት ሰዓት ለማስተካከል የእኔን ስም የሚፈልግበት ምክንያት አይታየኝም። የካርድ ቁጥሩ ለማን እንደተፈለገማ እስካሁን ሊገባኝ አልቻለም፤ በዚያ ቁጥር ካርድ ክፍል ገብቶ የሕክምና ታሪኬን ሁሉ ማውጣት ይቻላል። እኛ መዝገብ ቤት ውስጥ የአንድ ሠራተኛ የግል ማኅደር ሲወጣ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳወጣው ፈርሞ ነው፤ ሲመለስም ገጹ ተቆጥሮ ነው። የሠራተኛ የዕድገት ደብዳቤ ይህን ያህል ከተጠበቀ፣ የታማሚ ሰው ምስጢር በእጅ ስልክ ፎቶ ተነስቶ መለቀቁ ሊታለፍ አይገባም።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት እንዲከበር ያዛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን መግለጥ እንደሚያስቀጣ ደንግጓል። ከሁሉም በላይ ይህንኑ ጉዳይ በቀጥታ የሚመለከተው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው የጤና ሁኔታ የሚገልጽ መረጃ ልዩ ጥበቃ እንደሚያስፈልገው፣ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ መዋልና ከሚያስፈልገው በላይ አለመሰብሰብ እንዳለበት፣ ባለቤቱም ስለ ራሱ የተያዘውን የማየት፣ የማስታረምና የማሰረዝ መብት እንዳለው ይናገራል። ማንንም ለማስቀጣት ብዬ አልተነሳሁም፤ ፎቶውን የለቀቀው ሠራተኛ ሥራውን ለማሳየት የተቻኮለ እንጂ እኔን ለመጉዳት ያሰበ አይመስለኝም። ነገር ግን ሕግ መኖሩን እያወቅሁ ዝም ማለት በዚያ ቅጽ ላይ ስማቸው ያለባቸውን ሌሎቹን ሰዎች መተው ሆኖ ተሰምቶኛል።

ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት። ከዚህ ሠልጥነው የወጡት የጤና መኮንኖችና የማኅበረሰብ ነርሶች በየቤቱ እየገቡ ሲያክሙ የቤተሰቡን ገመና አይተው እንዳላዩ ሆነው መውጣትን ያውቁበት እንደነበር እናቴ ትነግረኝ ነበር፤ ሰውም በሩን የከፈተላቸው ስለዚሁ ነው። አሁን እንደማየው ግን አንዳንድ ሕሙማን እንዳይታወቁ ሲሉ ሰፈራቸው አጠገብ ያለውን ጤና ጣቢያ ትተው ለክትትል እስከ አዘዞ ይሄዳሉ፤ የስልክ ቁጥራቸውን አንድ አኃዝ ቀይረው የሚሰጡም አሉ። የቲቢ መድኃኒት የሚቋረጠው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ባለው ፍርሃት ነው፤ የተቋረጠ መድኃኒት ደግሞ በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምድ እንደሚያደርገው ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የተሳሳተ ስልክ የሰጠን ሕመምተኛ ቀጠሮ ሲያሳልፍ ያቺ ነርስ በምን ደውላ ትጠራዋለች?

ስለሆነም በቅድሚያ ፎቶው ከቴሌግራም ግሩፑ እንዲነሳ፣ ወደ ሌላ ያስተላለፉትም ሁሉ ከስልካቸው እንዲያጠፉት በኃላፊው ስም በጽሑፍ እንዲታዘዙ፣ ፎቶው ለየትኞቹ መሥሪያ ቤቶች እንደተላከም በደብዳቤ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። በእኔ ስም በቃለ ጉባኤው ላይ የተመዘገበው ቀርቦልኝ እንዳየው፣ ሐሳቡ እንዳለ ሆኖ ስሜ እንዲሰረዝ ይደረግልኝ። ሐሳቡን አልመለስበትም፤ መስኮቱ በሰዓቱ እንዲከፈት ዛሬም እፈልጋለሁ። በቅጹ ላይ የፈረሙት ሌሎች ሰዎች ምን እንደተፈጠረ ሊነገራቸው ይገባል፤ ይህ ግን በስልክ እየተደወለ ሌላ ሰው ሊያነሳው በሚችልበት ሁኔታ ሳይሆን፣ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ላይ ለየብቻቸው ቢሆን የሚሻል ይመስለኛል።

ለወደፊቱ የአበል መክፈያው ቅጽ ከስም፣ ከገንዘብ መጠንና ከፊርማ ሌላ ምንም ሳይያዝበት፣ ለእያንዳንዱ ሰው በተለየ ወረቀት ወይም የሌላው ስም ተሸፍኖ እንዲፈረም፤ የክፍሉ ዓይነት በቁጥር ብቻ እንዲመዘገብ፤ አስተያየት ሰጪው በስሙ ምትክ ተራ ቁጥር እንዲሰጠው፤ ውይይቱ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚመዘገብ፣ ማን እንደሚያየው፣ እስከ መቼ እንደሚቀመጥ በሚገባን ቋንቋ ተነቦልን ፈቃዳችን እንድንጠየቅ፣ እምቢ ያለም አገልግሎቱ ሳይጓደልበት እንዲወጣ አጥብቄ አሳስባለሁ። የጤና ባለሙያ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ መሆን እንዳለበት በግድግዳችሁ ላይ ተጽፎ አይቻለሁ፤ እኔ የምጠይቀው አክባሪ የሚለው ቃል እስከ ወረቀቱ እንዲደርስ ነው።

መልሱን በአሥራ አምስት ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ምላሽ ካላገኘሁ ጉዳዩን አዋጁን እንዲያስፈጽም ሥልጣን ለተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እና ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ለማቅረብ እገደዳለሁ።

ስሜ፣ የካርድ ቁጥሬና አድራሻዬ በዚህ ደብዳቤ ላይ አልተጻፉም፤ በተለየ ወረቀት ላይ ተጽፈው በታሸገ ፖስታ ከደብዳቤው ጋር ተያይዘዋል። ፖስታው በኃላፊው እጅ ብቻ እንዲከፈት፣ ይህ ደብዳቤ ገቢ ሲደረግም በገቢ መዝገቡ ላይ «ከአንዲት ተገልጋይ» ተብሎ ብቻ እንዲመዘገብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የጤና ጣቢያው ተገልጋይ

ግልባጭ (ያለ ፖስታው)፦
ለከተማው ጤና መምሪያ