የ«ኢትዮጵያ» መርከባችንን ቀለም ከኮምፒውተር አትቀበሉ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ምፅዋ ላይ የቆመችውን «ኢትዮጵያ» የተባለች የባህር ኃይል መርከባችንን በባለቀለም ፎቶ ስታወጡ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ከፋኝ፣ ምክንያቱም ፎቶው የድሮ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ቀለሙን የጨመረበት ኮምፒውተር ነው፣ እሱም ከስሩ አልተጻፈም።

እኔ ደብረ ብርሃን ቀለም ቀቢ ነኝ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ባህር ኃይል ነበር፣ እዛች መርከብ ላይ ዝገት ሲፍቅና ሲቀባ ነው የኖረው፣ አንዱ ግራጫ ሲነሳ ከስሩ ሌላ ግራጫ ይመጣል ይለን ነበር። መርከቧ እኮ ወደኛ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፣ ከዛ በፊት የአሜሪካኖቹ «ኦርካ» ነበረች፣ ከ1944 ጀምሮ ፓስፊክ ላይ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አይታለች። በዛን ጊዜ የነሱ ግራጫ ጥቁርና ነጭ ተደባልቆ የሚወጣ አልነበረም፣ ነጭ ቀለም ላይ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የሚያደላ ማቅለሚያ ይጨምሩበታል፣ ትንሽ ሲሆን እንደ ጉም ፈዛዛ ይሆናል፣ ሲበዛ እንደ ጥልቅ ባህር ይጠቁራል። 1945 ላይ ማቅለሚያው ሲያጥር ነው ወደ ተራ ግራጫ የዞሩት። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ሁለቱን ማን ይለያል? የእንግሊዙ የባህር ኃይል መኮንን ማውንትባተን እኮ ግራጫ ላይ ቀይ አስጨምሮ መርከቦቹን ሮዝ አስቀብቶ ነበር፣ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ እንዳይታዩ ብሎ፣ እሱም በፎቶ ግራጫ ነው የሚመስለው።

አባቴ ከመርከቧ በተረፈ ቀለም የቀባው የእንጨት ሳጥን ደብረ ሲና እናቴ ቤት አለ፣ ጭስ ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል። ማጠፊያውን ፈትቼ ሳየው ከስሩ ጥፍር የምታክል ንፁህ ቦታ አገኘሁ፣ ወደ አረንጓዴ ትላለች። አረንጓዴ ነበር ማለት ነው ብዬ ልጽፍላችሁ ስል ስራዬ ትዝ አለኝ፣ የዘይት ቀለም፣ በተለይ በተልባ ዘይት የተበጠበጠ፣ ጨለማ ውስጥ ሲከርም ቢጫ ይላል፣ ቢጫ ደግሞ ሰማያዊ ላይ ሲያርፍ አረንጓዴ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ፀሐይ እንዲያገኘው ስድስት ሳምንት መስኮት ስር አስቀመጥኩት፣ አረንጓዴው ለቀቅ አለና ሰማያዊ የነካው ግራጫ ብቅ አለ። እናቴ ጠጋ ብላ አየችውና «እሱ ነው፣ አባትህ ልብስ ላይ አልለቅ ብሎ ሲያስቸግረኝ የኖረው» አለች። እናንተ ያወጣችሁት ፎቶ ላይ ያለው ግን ሲሚንቶ ነው የሚመስለው።

መርከቧን ሄደን ፍቀን እንዳናይ እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ የመን ወጥታ ቀረች፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የቀረው በየቤቱ ያለ ሳጥንና ቆርቆሮ ነው። ባህር ኃይል የነበራችሁ አባቶቼ፣ ልጆቻቸውም፣ እባካችሁ እንዲህ ያለ እቃ ካላችሁ አትፋቁት፣ አዲስ ቀለምም አትደርቡበት፣ የተሸፈነ ቦታውን ፈታ አድርጋችሁ እዩልኝ፣ ፎቶ ስታነሱትም በቀን ብርሃን፣ ነጭ ወረቀት ከጎኑ አድርጋችሁ ይሁን። እናንተም አዘጋጆች ከእንዲህ ያለው ፎቶ ስር «ቀለሙ ግምት ነው» ብላችሁ ጻፉ፣ ጥቁርና ነጩንም አብራችሁ አውጡት።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን