እማዬ፣ ኪኒንሽን በፖስታ ከማስላክሽ በፊት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «የሦስት ወሩን ኪኒን ይዤ ልምጣ፣ የቀረውን ሚሚ በፖስታ ትላክልኝ» ያልሽው ይቻላል። ግን መንገዱ ጠባብ ነውና ሚሚ ይህን እስከ መጨረሻው ታንብብልሽ።

እዚህ አሜሪካ መድኃኒት የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ ይባላል። እሱ ያላጸደቀው መድኃኒት በሻንጣም በፖስታም እንዳይገባ ሕጉ ይከለክላል። ያንቺ የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን እዚህ ከሚሸጠው ጋር አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ የሚጸድቀው የእያንዳንዱ አምራች ምርት እንጂ የመድኃኒቱ ስም ስላልሆነ፣ አዲስ አበባ የተገዛው ፓኬት በእነሱ ዓይን ብዙውን ጊዜ «ያልጸደቀ» ነው። ሆኖም እንዳንቺ ለጉብኝት የመጣ የውጭ ዜጋ አገሩ የጀመረውን ሕክምና የሚቀጥልበት ከሆነ፣ ለራሱ የሚሆነውን እስከ 90 ቀን ድረስ ያሳልፉለታል። ይህ የመርማሪው ፈቃድ እንጂ መብት አይደለም፤ ስለ ወረቀት እንዲህ የምጨቀጭቅሽም ለዚህ ነው።

የምትይዢውን እናስላ። ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ለ90 ቀን 180 ፍሬ፤ አሥር አሥር ከሆነ 18 ስትሪፕ። የደም ግፊቱ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም በቀን አንድ፣ 90 ፍሬ፣ 9 ስትሪፕ። ከከነማ ፋርማሲም ግዢ ከሌላ፣ ሙሉ ፓኬት ከነካርቶኑ ይስጡሽ። ስትሪፑን በመቀስ ከቆረጡት ስሙ አንዱ ቁራጭ ላይ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ሌላው ቁራጭ ላይ ይቀራል፤ አንቺ እጅ የሚገባው ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ኪኒን ነው። ያቺ የሳምንቱ ቀናት የተጻፉባት ሣጥንሽም ባዶዋን ትምጣ። መድኃኒቱ በሙሉ የእጅ ሻንጣሽ ውስጥ ይሁን፣ ጉምሩኩ ሲጠይቅሽም «መድኃኒት ይዣለሁ» በይ።

አሁን የሐኪሙ ደብዳቤ። ሐኪሞቻችን በእንግሊዝኛ ስለሚጽፉ ትርጉም አያስፈልግም፤ ችግሩ ቀኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር 2018 ተብሎ ከተጻፈ፣ እዚህ ያለው መርማሪ ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈው ወረቀት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍልሽ። ስምሽም ፊደል በፊደል ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን፣ የአያት ስም ሳይቀር፤ እዚህ ዋናው ስም አድርገው የሚያነቡት እሱን ነው። በሽታው፣ የመድኃኒቱ ስም (የአምራቹ መጠሪያ ሳይሆን ዋናው)፣ ሚሊግራሙ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትወስጂ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስጂ፣ ፊርማና ማህተም። ሦስት ኮፒ ይኑርሽ።

ሚሚ ስትልክ ፓኬቱ በኔ ስም ሳይሆን በአንቺ ስም፣ በኔ አድራሻ ይምጣ። እዚህ የተለመደው ስሕተት ይሄ ነው፤ እኔ ነዋሪ ስለሆንኩ በኔ ስም የመጣ መድኃኒት «የጎብኚ መድኃኒት» አይባልም። ከኪኒኑ ጋር የፓስፖርትሽና የቪዛሽ ኮፒ፣ የሐኪሙ ደብዳቤና የማዘዣው ኮፒ ይግባ። የጉምሩክ ቅጹ ላይ «ስጦታ» ወይም «ልብስ» ብላ እንዳትጽፍ፤ ሲከፈት ውሸት ሆኖ ይገኛል፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን የሚያምን የለም። የመድኃኒቱን ስም፣ ሚሊግራሙን፣ የፍሬውን ብዛት ትጻፍና «የውጭ ዜጋ የግል መድኃኒት፣ በአገሯ የተጀመረ ሕክምና ቀጣይ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ትጨምርበት። ሣጥኑን ቤት አታሽገው፣ ፖስታ ቤት ክፈቺ ይሏታል።

የምትልከው ደግሞ ኪኒንሽ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን፣ አንቺ በመጣሽ በ45ኛው ቀን ገደማ ነው። ፓኬቱ መጀመሪያ የሚያርፈው የዓለም አቀፍ ፖስታ ማጣሪያ ጣቢያ ነው፤ እዚያ ከያዙት በስምሽ ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን አለው፤ እስከዚያ ወረቀቶቹን ደግመን እንልካለን። ካልተቀበሉት ወይ ይመልሱታል ወይ ያስወግዱታል፤ ከ2015 ጀምሮ ዋጋው 2,500 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነን መድኃኒት የማስወገድ ሥልጣን አላቸው፣ ያንቺ ደግሞ ያን ያህል አያወጣም።

«ታዲያ ሰው ሲመጣ በሰው እጅ አይሻልም?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አይሻልም። የሚፈቀደው ለታማሚው ነው፤ በሌላ ሰው ስም የተጻፈ መድኃኒት የያዘ ተሳፋሪ ታማሚው አይደለም። ጎረቤትም «ለልጄ ይቺን አድርሺልኝ» ቢሉሽ፣ በርበሬውን ተቀበይ፣ አሞክሲሲሊኑን መልሺ።

ለወገብሽ አንዳንዴ የምትወስጂው ትራማዶል ግን ለብቻው ነው። እዚህ ከ2014 ጀምሮ ልዩ ቁጥጥር ካለባቸው መድኃኒቶች ተርታ ገብቷል፤ ዲያዜፓም ደግሞ ከዚያ በፊትም እዚያው ተርታ ነበር። እነዚህን ሚሚ በምንም ዓይነት በፖስታ እንዳትልክ፣ ወረቀት ቢሟላም አያድናቸውም። ትኬቱ በዱባይ በኩል ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፣ ኤምሬቶች ትራማዶልና ኮዴይን ላይ ጥብቅ ናቸው። ሐኪምሽን ሌላ ማስታገሻ ጠይቂው። ሌላውን ማስታገሻ ኖቫልጂንንም ተዪው፤ አሜሪካ በ1977 ከገበያ አስወጥታዋለች።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ፖስታው መጠባበቂያ ይሁን እንጂ ዋናው አይሁን። እዚህ ሐኪም ካየሽ ሜትፎርሚን ርካሽ ነው፤ ትልልቅ መደብሮች ውስጥ ባሉ አንዳንድ ፋርማሲዎች የ30 ቀኑ 4 ዶላር አካባቢ ነው። ውዱ የሐኪሙ ክፍያ ነው፣ እሱን እኔ አስቤበታለሁ። የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራ ውጤትሽን ካመጣሽ ድጋሚ ምርመራ ሊቀርልን ይችላል። ስሙ ሲለወጥ እንዳትደነግጪ ብቻ፦ ፓራሲታሞል እዚህ አሴታሚኖፌን ነው፣ የስኳሩ ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ግላይቡራይድ።

ስትመለሺ ደግሞ ከዚህ የታዘዘልሽን ይዘሽው ነው የምትሄጂው። እኔ በኋላ በፖስታ ልልክልሽ አልችልም፤ የአሜሪካ ፖስታ በማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ከፋርማሲና ከሐኪም እንጂ ከግለሰብ አይቀበልም።

ሚሚ የሐኪሙን ደብዳቤ እንደተቀበለች ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልኝ። ማህተሙ ፊርማው ላይ አርፎ ስሙ የማይነበብ ከሆነ፣ ሳትርቂ እዚያው ብታስለውጪው ይቀላል።

ልጅሽ