ከአሥራ አምስቱ አንዱ ጎጃም ይቅር

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

አንዲት ወጣት ሠዓሊ በደብረ ማርቆስ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዋ ስላቀረበችው የኅትመት ሥራዎች ዐውደ ርእይ ጋዜጣችሁ ያወጣውን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ዘገባው ሪባኑን ማን እንደ ቆረጠና የክብር እንግዶቹ ምን እንደ ተናገሩ በዝርዝር ሲያትት፣ ስለ ሥራዎቹ ግን የቤት ዕቃዎችን የሚያሳዩ ሥዕሎች ናቸው ከማለት አላለፈም። ዐውደ ርእዩ ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ስለ ቀሩት የጎደለውን ልሙላ።

ሥራዎቹ በብሩሽ የተሣሉ አይደሉም። ሠዓሊዋ ምስሉን በዋንዛ ጣውላ ላይ ገልብጣ ትነድፍና ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልገውን በመሮ ፈልፍላ ታወጣለች፤ ከዚያም በቀረው ገጽ ላይ ቀለም ቀብታ፣ ወረቀት አልብሳ፣ በማንኪያ ጀርባ እያሸች ታትመዋለች። በርጩማውን ስታትም ግን ጣውላ አላስፈለጋትም፤ የአንድ አሮጌ ባለ ሦስት እግር በርጩማ መቀመጫ ራሱን ቀለም ቀብታ ወረቀት አሳርፋበታለች። የእንጨቱ ጅማት፣ የጠራቢው የመጥረቢያ ምት፣ ከዳር ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረበት ቦታ ሳይቀር ወጥቷል። መካከሉ ግን ሰው ሲቀመጥበት ስለ ኖረና ስለ ጎደጎደ ቀለም አልደረሰውም፤ ያ ነጭ ክብ በእጅ ቢሣል ኖሮ እንዲህ የሚያሳምን አይመስለኝም።

በጠፍር አልጋው ኅትመት ላይም ጠፍሩ የላላበትን ቦታ ባለቤቱ በናይለን ገመድ እንደ ጠገነው ይታያል፤ አልጋውን በሙዚየም እንደ ተቀመጠ ቅርስ ሳይሆን እስካሁን እንደሚተኛበት ዕቃ ማቅረቧን ወድጄላታለሁ። ከእንጅባራ መንገድ ዳር የሚገዛው የቀርቀሃ ወንበርም በቀጫጭን ነጭ መስመሮቹ ያምራል። ሶፋውና ባለ መስታወቱ ቡፌ ግን ከፎቶግራፍ የተቀዱ ይመስላሉ፤ ሠዓሊዋ በእነዚህ ዕቃዎች ለመሣቅ የቸኮለች ይመስለኛል። (የእኔ ቤት ቡፌም እንግዳ ካልመጣ አይከፈትም፤ ቢሆንም የሚገባውን ያህል አልታየም።)

በአዳራሹ ውስጥ ዋናው የት አለ እያሉ የሚጠይቁ ብዙ ተመልካቾች ሰምቻለሁ። በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ በእርሳስ የተጻፈው 3/15 የሚለው ቁጥር ከአሥራ አምስቱ ሦስተኛው ማለት ሲሆን፣ አሥራ አምስቱም በሠዓሊዋ እጅ የታተሙ ስለ ሆኑ ሁሉም ዋና ናቸው። ዋጋቸው ከአንድ የሸራ ሥዕል የሚያንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥበቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በትውልድ ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ በዚያው ዐሥርተ ዓመት የእንጨት ኅትመት አስተምረዋል፤ የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ የሆኑት ዘሪሁን የትምጌታም በእንጨት ኅትመታቸውና በቀርቀሃ ላይ በሠሯቸው ሥዕሎች ታውቀዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሥራ ማየት የሚሻ የጎጃም ሰው ዓባይን መሻገር ግድ ይሆንበታል። የወጣቷም ሥራዎች ዐውደ ርእዩ ሲያበቃ ተጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ፣ ዕቃዎቹን የሰጠው አገር አንዲት ወረቀት እንኳ ሳይቀርለት ሊሸኛቸው ነው። አንድ ሥራ በአሥራ አምስት ቅጂ ሲታተም አንዱን እዚህ ማስቀረት ማንንም አይጎዳም። ስለዚህ የዞናችን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ወይም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከእያንዳንዱ ሥራ አንድ አንድ ገዝቶ፣ ሕዝብ በነጻ ገብቶ በሚያየው ቦታ፣ አሁን ከተሰቀሉበት ዝቅ አድርጎ በዓይን ልክ እንዲሰቅላቸው አሳስባለሁ። የእንጨት ሥራ የሚማሩ ወጣቶችም በመምህራኖቻቸው እየተመሩ ቢጎበኙት፣ በየቀኑ የሚይዙት መሮ ሌላ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያዩበታል።

ለጋዜጣችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። የእንጨት ኅትመቷ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ በጋዜጣ ወረቀት ላይ ከፎቶግራፍ ይልቅ ጥርት ብሎ ይወጣልና፣ ሠዓሊዋን አስፈቅዳችሁ የጠፍር አልጋውን በሚቀጥለው እትም፣ ከተቻለ በግማሽ ገጽ፣ ብታወጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከደብረ ማርቆስ