ባድ ሙርን እናስታውሳቸው

ውድ አባሎቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ዛሬ ስለ አሜሪካዊው የእሽቅድምድም መኪና ሠሪ ስለ ባድ ሙር ጥቂት ልበላችሁ። ሞተር ፈትተን የምንገጥም ሰዎች እኚህን ሰው ልናውቃቸው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1925 ስፓርተንበርግ፣ ደቡብ ካሮላይና ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ጁን 6 ቀን 1944፣ ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ፣ ዩታ በተባለው የባሕር ዳርቻ ከጦሩ ጋር ሲወርዱ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበሩ። መትረየስ ተኳሽ ነበሩ። ለቆሰለ ወታደር የሚሰጠውን ሜዳሊያ አምስት ጊዜ ተቀብለዋል። አምስት ጊዜ! ያንን ሁሉ አልፈው በሕይወት መመለሳቸው ራሱ ተአምር ነው።

ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸው ያለቀው ጋራዥ ውስጥ ነው። ሹፌሩ ጆ ዌዘርሊ በ1962 የናስካር (የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም) ሻምፒዮን ሲሆን መኪናውን ያዘጋጁለት እሳቸው ናቸው።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ግን የ1970ዎቹ ሥራቸው ነው። ሌላው 7 ሊትሩን ትልቅ ሞተር አልለቅም ሲል፣ እሳቸው ትንሹን ፎርድ 351 ይዘው ተነሡ። 351 የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው፤ 5.8 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ጉልበቱ ያለው ቴስታታው ላይ፣ ማለትም ከሲሊንደሮቹ በላይ በሚገጠመው ክዳን ላይ ነው። አየር የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት ቫልቮላዎቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ዘንበል ብለው ስለተቀመጡም አየሩ እንደ ልብ ይገባል። በ1978 ሹፌሩ ቦቢ አሊሰን ዴይቶና 500 የተባለውን ታላቅ የናስካር ውድድር ያሸነፈው በእሳቸው ፎርድ ነው።

ባለትዳርና የሦስት ወንዶች ልጆች አባት ነበሩ። በ2017፣ በ92 ዓመታቸው አረፉ። ነፍስ ይማር።

በሚቀጥለው ስብሰባችን ስለዚሁ 351 ሞተር አሠራር እንነጋገራለን። ሥዕል ወይም የተፈታ ቴስታታ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።