ሙያ ተምሮ የወጣ ታራሚ የት ይቀጠር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በማረሚያ ቤቶች የሚሰጠውን የሙያ ሥልጠና የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። ከቀለም ትምህርቱ ሌላ ሽመናውን፣ ብየዳውን፣ ልብስ ስፌቱን ይዞ የሚወጣው ታራሚ ጥቂት አይደለም። የወንጀል ሕጋችንም ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩን ያረመ ሰው በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይደነግጋል። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ከተፈቱ በኋላ ነው። የሰፈራችን ልጅ እዚያው እንጨት ሥራ ተምሮ ወጣ። ለቤቴ የሠራው ቁም ሣጥን መሳቢያው በአንድ ጣት ሲገፉት ሳይንጓጓ ይዘጋል፤ እጁ ይባረክ። ሥራ ፍለጋ በሄደበት ሁሉ ግን ቀድሞ የሚጠየቀው «ከወንጀል ነፃ» የሚል ማስረጃ ነው። አንዱ አሠሪማ የምስክር ወረቀቱን ማኅተም አገላብጦ አይቶ «እንደውልልሃለን» ብሎ ሸኘው። (እስካሁን አልደወለም።)

ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር ማስረጃው ቢጠየቅ ይገባኛል። መላጊያ የሚገፋ አናጢ ግን ምን ቤት ነው? ሕጉ ቅጣቱን የጨረሰ ሰው የተወሰነ ጊዜ ካለፈው በኋላ ፍርዱ እንዲሠረዝለት ፍርድ ቤት መጠየቅ እንደሚችልም ይላል። ይህን መብቱን የሚያውቅ ከእስር የተፈታ ሰው ግን እኔ አላጋጠመኝም።

ማረሚያ ቤቶች ታራሚው ሲወጣ ይህን ማመልከቻ እንዴት እንደሚያቀርብ ቢነግሩት ብዙ ወጪ የለውም። የምስክር ወረቀቱም የማረሚያ ቤቱን ስም ሳይጠቅስ እንደማንኛውም ሠልጣኝ በብቃት ምዘና ማዕከል ስም ይሰጠው። ወረዳዎችም ወጣቶችን አደራጅተው የመሥሪያ ሼድ ሲያከፋፍሉ እነዚህን ልጆች ከዝርዝሩ አያስወጡ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ