ኮሚክሱ በስልክ ይምጣ፣ ዋጋውም በብር ይሁን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ልጆች መጽሐፍ ጥለው ስልክ ላይ ተጣበቁ የሚለው ወቀሳ በጋዜጣውም በመድረኩም ይደጋገማል። እኔ እንጀራዬ ወረቀት ነው፤ አዳማ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ጽሑፍና ሥዕል ለኅትመት አዘጋጃለሁ። በኮሚክስ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል በሚተረክ ታሪክ ጉዳይ ግን የምሟገተው ለስልኩ ነው።

ምክንያቴ ዋጋ ነው። ባለቀለም ሥራ በኦፍሴት ሲታተም ለእያንዳንዱ የወረቀት ፊት አራት ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ይወጣል፤ ለሰማያዊው፣ ለቀዩ፣ ለቢጫውና ለጥቁሩ። 32 ገጽ ያለው ኮሚክስ በትልቅ ማሽን ላይ በየፊቱ ስምንት ገጽ ሲደረደር አራት ፊት ይሆናል፤ ሽፋኑን ሳንቆጥር 16 ፕሌት ማለት ነው። ያንኑ ያህል ገጽ ያለው ጽሑፍ በጥቁር ብቻ ቢታተም 4 ፕሌት ይበቃዋል። የፕሌቱ ወጪ ደግሞ 200 ቅጂ ታተመ 5,000 ያው ነው። ጥቂት አሳትሜ ገበያውን ልሞክር ለሚል ወጣት ሠዓሊ የአንዱ ቅጂ ዋጋ ሰማይ ይነካል፤ ብዙ ላሳትም ቢል የወረቀቱን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ፕሌቱንም አርት ወረቀቱንም ከውጭ ለሚያስመጣ ሙያ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። ሠዓሊው ዋጋውን ሲሰማ ፍላሹን ወደ ኪሱ መልሶ ይሄዳል። ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ፍላሹ ውስጥ ያለው ያለቀለት ሥራ ነው። ቀለሙ ገብቷል፣ ንግግሩ ተጽፏል። ለስልክ አንባቢ የሚቀረው ጥቂት ነው።

ይህ ጥቂት ግን ችላ ከተባለ ሁሉንም ያበላሻል። ለኤ4 የተሰናዳ ገጽ እንዳለ ወደ ስልክ ሲገባ በንግግር አረፋው ውስጥ ያለው ፊደል ይደቅቃል፤ «ቡ» ከ«ቢ»፣ «ሉ» ከ«ሊ» አይለይም። የፊደላችን ልዩነት ያለው በትናንሾቹ ቅጥያዎች ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። አንባቢው ገጹን በሁለት ጣቱ እያሰፋ፣ እየገፋ፣ መልሶ እያጠበበ የታሪኩ ፍሰት ይቋረጥበታል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የኮሪያው የኢንተርኔት ኩባንያ ናቨር ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባስፋፋው ዌብቱን ሥዕሎቹ አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረው በአንድ አውራ ጣት ወደ ላይ እየተገፉ ይነበባሉ። የእኛም ሠዓሊዎች ገጹን በየሥዕሉ ቆርጠው፣ ፊደሉን አጉልተው ቢያሰናዱት አንባቢ በታክሲ ወረፋ ላይ ቆሞ እንኳ ያነበዋል።

የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ነው፤ የጃፓን ማንጋ ይወዳል። ሹኤይሻ የተባለው አሳታሚ በጥር 2019 (እ.ኤ.አ.) በከፈተው ማንጋ ፕላስ ድረ ገጽ ላይ የተከታታዮቹን የመጀመሪያ ሦስትና የቅርብ ጊዜ ሦስት ምዕራፎች በነፃ ያነባል። መሐሉስ? አሜሪካ ያለው የማንጋ አሳታሚ ቪዝ በወር ሦስት ዶላር በማይሞላ ክፍያ ሰፊ ክምችት ያስነብባል፤ ይህ አገልግሎት በ2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሲጀመር ግን ከአፍሪካ የተካተተችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበረች። ለእኛ ቢከፈትስ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ከየት ያገኛል? ስለዚህ በቴሌግራም የሚዞረውን የተሰረቀ ቅጂ ያወርዳል። እሱን ሌባ ለማለት አፌ አይደፍርም። ልክፈል ቢልም የሚከፍልበት መንገድ የለውም።

ለአማርኛ ኮሚክስ ግን መንገዱ ክፍት ነው። ኢታን ኮሚክስ በ2018 (እ.ኤ.አ.) «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ባወጣ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር ልዕለ ጀግና አንባቢ እንዳለው ታይቷል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን ነው። አንድ ምዕራፍ በአንድ ማኪያቶ ዋጋ፣ በብር፣ ለየብቻው ይሸጥ። ወርኃዊ ክፍያ ለእኛ አይሆንም፤ ተማሪ ገንዘብ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ባገኘ ቀን አንድ ምዕራፍ መግዛት መቻል አለበት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። የተገዛው ምዕራፍ ወርዶ በገዢው ስልክ ውስጥ ይቅር፤ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈት። ኮሚክሶሎጂ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ ታላቅ የዲጂታል ኮሚክስ መደብር ነበር። አማዞን በ2014 (እ.ኤ.አ.) ገዛው፣ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ኪንድል ከተባለው የዲጂታል መጻሕፍት አገልግሎቱ ጋር አዋሐደው፤ ለዓመታት መጻሕፍታቸውን እዚያ ያከማቹ አንባቢዎች የለመዱት አደራደርና አነባበብ ተለወጠባቸው፤ ቅሬታቸውም ብዙ ነበር። የአሜሪካው አሳታሚ ኢሜጅ ኮሚክስ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ያለ ቁልፍ፣ ማለትም መቅዳትን የሚከለክል ገደብ ሳይኖረው የሚወርድ ፋይል መሸጥ ጀምሮ እንደነበር እናስታውስ። ይሰረቃል የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ፤ የተቆለፈውም ይሰረቃል። በቁልፉ የሚቸገረው ከፍሎ የገዛው ነው።

ጋዜጣችሁ በሳምንት አንድ ገጽ ለአገር ውስጥ ኮሚክስ ቢሰጥና ቀጣዩ ምዕራፍ በስልክ የት እንደሚገዛ ከሥሩ ቢያመለክት ሠዓሊዎቹን ከአንባቢ ጋር ያገናኛል። ሥራው ያለቀ፣ ማሳተሚያ ግን ያጣ ሠዓሊ ካለ አድራሻዬን ከእናንተ ይውሰድ፤ ገጾቹን ለስልክ ቆርጦና ፊደሉን አስተካክሎ ማሰናዳቱን ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለ ክፍያ እሠራለታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የማተሚያ ቤት ሠራተኛ
ከአዳማ